«ጊቭ አፕ» ማለት ምን ማለት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን አንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ንግግር እንዳደርግ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ታላላቅ ነገሮች እናገር ዘንድ የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ እጅግ ትንሽ ነው፤ ይኸውም ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። አንደኛው «ጊቭ»፣ ሁለተኛው «አፕ» ይባላሉ። ለየብቻቸው ሲቆሙ ትንሽ ልጅ እንኳ ያውቃቸዋል፤ ተጋጥመው ሲመጡ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰውንም ያሰናክላሉ። ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ አስቀድሞ የተሰናከልሁት እኔ ራሴ ስለ ሆንሁ ነው።

ልጅ ሳለሁ የተማርሁት ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነና ነገሩ ጨለመብኝ። የቤት ሥራዬን ሠርቼ ደብተሬን ባስረከብሁ ቍጥር በቀይ ቀለም ተሞልቶ ይመለስልኝ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከቀዩ ቀለም ግርጌ ሦስት ቃላት ተጽፈው አገኘሁ፤ «ዶንት ጊቭ አፕ» ይላሉ። እኔም ከጓደኛዬ መዝገበ ቃላት ተውሼ አንድ በአንድ ፈለግኋቸው። «ዶንት» አታድርግ፣ «ጊቭ» ስጥ፣ «አፕ» ወደ ላይ። ሦስቱን ባጋጥማቸው «ወደ ላይ አትስጥ» የሚል ትእዛዝ ወጣልኝ።

ወደ ላይ የምሰጠው ነገር ምን ይሆን? እያልሁ ሳስብ፣ የአስተማሪያችን ጠረጴዛ ከፍ ባለ መደብ ላይ እንደ ነበረና እኛም ደብተራችንን ከታች ወደ ላይ እናቀብለው እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ወዲያውኑ ነገሩ የተገለጠልኝ መሰለኝ። «ደብተርህ እንዲህ የተበላሸ ስለ ሆነ ከእንግዲህ ወዲህ እንዳታመጣብኝ» ማለቱ ነው ብዬ አመንሁ። በጣም አዘንሁ፤ ነገር ግን ታዛዥ ልጅ ስለ ነበርሁ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ደብተሬን ማስረከቡን ተውሁ። የዚህን ነገር ፍጻሜ በንግግሬ መጨረሻ እነግራችኋለሁ። አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ።

ስሕተቴ ምን ነበር? ቃላትን እንደ ቍጥር መደመሬ ነው። አንድና አንድ ሲደመሩ ሁለት ይሆናሉ፤ ግሥና መስተዋድድ ሲጋጠሙ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የማይመስል ሦስተኛ ነገር ይወልዳሉ። ይህም የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እኛ «ቁጭ አለ» እንላለን። አንድ የውጭ አገር ሰው «አለ» ማለት «ተናገረ» ማለት መሆኑን ተምሮ ቢመጣ፣ ሰውየው ምን ሊናገር ነው እያለ ሲጠብቅ ይውላል፤ ሰውየው ግን አንዳች ቃል ሳይተነፍስ ተቀምጧል። «ዝም አለ» ስንልማ የባሰ ነው፤ ምንም ያልተናገረውን ሰው «አለ» እንለዋለን! «ሰጠ» የሚለውን ግሣችንን ብንመለከትም እንዲሁ ነው። «ፊት ሰጠ» ማለት ፊቱን አበረከተ ማለት ሳይሆን አጉል አቀረበ፣ አቀማጠለ ማለት ነው። «ጆሮ ሰጠ» ማለት አዳመጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከእናቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ይህን ሁሉ ሳይቸገር የተማረ ልጅ፣ ተመሳሳዩን ነገር በእንግሊዝኛ ሲያገኝ ሊደነግጥ አይገባውም።

እንግዲህ «አፕ» የሚለውን ቃል እንመርምር። እንግሊዞች «ኢት አፕ» ሲሉ በልተህ ጨርስ፣ «ድሪንክ አፕ» ሲሉ ጠጥተህ ጨርስ፣ «ዩዝ አፕ» ሲሉም ተጠቅመህ ጨርስ ማለታቸው ነው። በነዚህ ሁሉ ውስጥ «አፕ» የሚያመለክተው ሰማይን ሳይሆን ፍጻሜን ነው፤ እኛ «ጨርሶ» ወይም «አሟጦ» እንደምንለው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የ«ጊቭ አፕ» ሥር መሠረቱ «ጨርሶ ሰጠ» የሚል ነው፤ ይኸውም በእጁ የነበረውን ነገር ፈጽሞ ከእጁ አወጣ እንደ ማለት ነው።

ቍልፉ ይህ ነው። ከእጅ የወጣው ነገር ምንድን ነው? ልማድ ነው? ሩጫ ነው? ጠመንጃ ነው? ወንበር ነው? ወይስ ተስፋ ነው? እንግሊዝኛው ለሁሉም በአንድ ቃል ሲጠቀም፣ አማርኛው ግን ለየአንዳንዱ ልዩ ግሥ ያቀርባል። አሁን እነዚህን በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ «ተወ» ወይም «አቆመ» ማለት ይሆናል። «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ» ቢባል ሲጋራ ማጤሱን ተወ ማለት ነው። በዚህ ስፍራ ተመሳሳዮቹ «ስቶፕ»ና «ኩዊት» ናቸው። ተማሪዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከ«ጊቭ አፕ» ቀጥሎ ሌላ ግሥ ሲመጣ መጨረሻው «ኢንግ» ይሆናል እንጂ በፊቱ «ቱ» አይገባበትም። ደብተር ሳርም ዘወትር የማገኘው ስሕተት ይህ ነው። እንግሊዞች በጾማቸው ወራት ሥጋ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲተዉም «ጊቭ አፕ» ይላሉ፤ እኛ ግን ለዚህ «ጾመ» የሚል ራሱን የቻለ ግሥ አለን።

ሁለተኛ፤ «አቋረጠ» ማለት ይሆናል። የተጀመረ ሥራ ወይም ጉዞ ሳይፈጸም ሲቀር ነው። ተመሳሳዩ «አባንደን» ነው። ለዚህ ከሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አበበ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ በቶክዮ የማራቶንን ሩጫ ማሸነፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ ግን እግሩ ታምሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ ከውድድሩ ወጣ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ፈጸመው። አንድ እንግሊዝ ይህን ሲጽፍ «ሂ ጌቭ አፕ» ቢል ቃሉ አልተሳሳተም። ነገር ግን ከናንተ አንዱ ወደ አማርኛ ሲመልሰው «አበበ ተስፋ ቈረጠ» ብሎ ቢጽፍ በሰውየው ላይ የሐሰት ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው። አበበ ሩጫውን አቋረጠ እንጂ ተስፋ አልቈረጠም። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሰነፉ በኋላ እንኳ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ተወዳድሯል። አንዲት ቃል በሚገባ ባለመመረጧ የአንድ ጀግና ስም ሊጐድፍ እንደሚችል ከዚህ ተመልከቱ።

ሦስተኛ፤ «እጁን ሰጠ» ማለት ይሆናል። ተመሳሳዩ «ሰረንደር» ነው። ወንጀለኛ ሸሽቶ ሸሽቶ በመጨረሻ በገዛ ፈቃዱ ፖሊስ ጣቢያ ቢቀርብ «ሂ ጌቭ ሂምሰልፍ አፕ» ይባላል። ለዚህ ትርጕም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የሰፈራችን ስም ይበቃናል። ይህ ሰፈር ዊንጌት የተባለው በፈረንጆች 1946 እዚህ በተከፈተውና የብሪቲሽ ካውንስል ያስተዳድረው በነበረው በጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክንያት ነው። በዚያ ግቢ ዛሬ የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ይሰጥበታል፤ ስሙ ግን በታክሲው ረዳት አፍ ሳይቀር ሕያው ሆኖ ይኖራል። ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ በጎጃም በኩል ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆኖ የኢጣልያን ጦር የወጋ የእንግሊዝ መኰንን ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ዐባይን ተሻግሮ ያፈገፈገውን ብዛት ያለው የኢጣልያ ጦር እያሳደደ፣ አዛዡ ኮሎኔል ማራቬንታኖ እጁን እንዲሰጥ ደብዳቤ ላከበት፤ ኮሎኔሉም ከጦሩ ጋር እጁን ሰጠ። በአንጻሩ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር እጃቸውን እንዲሰጡ ቢጠይቃቸው እንቢ ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በእንግሊዝኛ የፊተኛው «ጌቭ አፕ» ሲባል የኋለኛው «ዲድ ኖት ጊቭ አፕ» ይባላል።

አራተኛ፤ «ለቀቀ» ወይም «አሳልፎ ሰጠ» ማለት ይሆናል። ተመሳሳዮቹ «ሪሊንኩዊሽ»ና «ሀንድ ኦቨር» ናቸው። በአውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆመው አይተህ ተነሥተህ «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብትል፣ «ጊቭ አፕ ዩር ሲት» የተባለውን ፈጸምህ ማለት ነው። ወንበሩን ለቀቅህ እንጂ አልተሸነፍህም፤ ተስፋም አልቈረጥህም። እንዲያውም ተመርቀህ ትወርዳለህ።

አምስተኛው ትርጕም የጨዋታ ነው፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ የምወደው ይህን ነው። የእንግሊዝ ልጅ እንቆቅልሽ ተጠይቆ መልሱን ያጣ እንደ ሆነ «አይ ጊቭ አፕ» ይላል። ሰጠሁ ማለቱ ነው፤ ምን እንደ ሰጠ ግን አይናገርም። የኛ አገር ልጆች ጨዋታ ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መልሶታል። አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ ሲጠፋው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። የተሸነፈውም ጎንደርን ወይም ሐረርን ወይም ሌላ የወደደውን አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ደግሞ በተሰጠው አገር ላይ ጌታ ሆኖ ተንደላቆ እንደ ኖረ ከፎከረ በኋላ ነው መልሱን የሚነግረው። እነሆ፣ የእንግሊዙ ልጅ ባዶ እጁን ሲሰጥ የኛው ልጅ አንድ ሙሉ ጠቅላይ ግዛት ይሰጣል! በምድጃ ዳር ካልሆነ በቀር አገሩን በቀላሉ የማይሰጥ ሕዝብ፣ በምድጃ ዳር እንዲህ ለጋስ መሆኑ ያስቀኛል። ስለዚህ «አይ ጊቭ አፕ» የሚለውን በእንቆቅልሽ ጊዜ ካገኛችሁት «አገር ልስጥህ» ብላችሁ ብትመልሱት ከቃል ለቃል ትርጕም ይልቅ እውነተኛ ይሆናል።

ስድስተኛ፤ «ተስፋ ቈረጠ» ማለት ይሆናል። ተመሳሳዮቹ «ዲስፔር»ና «ሉዝ ሀርት» ናቸው። አስቀድሜ ያቀረብኋቸው ሁሉ ከእጅ የሚወጣ ነገር ሲሆኑ ይህኛው ከልብ የሚወጣ ነው። «ኦን» የምትባለው ቃል ተጨምራ «ጊቭ አፕ ኦን ሂም» ከተባለ ደግሞ ተስፋ የተቈረጠበት ሰው ሌላ ነው፤ «ይህ ልጅ ከእንግዲህ አይሆንም» ብሎ ሰውን መተው ነው። መምህራን ባልደረቦቼ ሆይ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ እኛ ልንፈራት የሚገባን ትንሽ ቃል ብትኖር ይህች «ኦን» ናት።

ሰባተኛውና የመጨረሻው፤ «ስለ ሌላው ሲል ቀረበት»፣ ከፍ ሲልም «ሠዋ» ማለት ይሆናል። ተመሳሳዩ «ሳክሪፋይስ» ነው። አባቴ ሁለት የእርሻ በሬዎች ነበሩት። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ ከተማ ወጥቼ እንድማር አንደኛውን ሸጠ፤ ከዚያም በኋላ ከጎረቤቱ ጋር እየተቀናጀ፣ አንድ ቀን ለራሱ አንድ ቀን ለጎረቤቱ እያረሰ ኖረ። ይህን በእንግሊዝኛ ብጽፈው «ማይ ፋዘር ጌቭ አፕ ሂዝ ኦክስ» እላለሁ። ይህንኑ «አባቴ በበሬው ተስፋ ቈረጠ» ብሎ የሚተረጕም ተማሪ ቢኖር፣ ስሕተቱ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የፍርድም ነው። ወላጆች ሆይ፣ ከናንተ መካከል ስለ ልጁ ሲል አንድ ነገር ያልቀረበት ማን አለ? የጠፋው እንቅልፍ፣ ያልተገዛው ልብስ፣ ሳይፈጸም የቀረው ቤት ሁሉ በእንግሊዝኛ በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ብላችሁ ስታዩት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የሰው ልጅ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ እጅግ ደካማው ተስፋ መቍረጥ ነው፤ እጅግ የከበረው ደግሞ ስለ ሌላው ብሎ የራስን መስጠት ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ልብስ ያለብሳቸዋል። ልብሱን አይቶ ሰውየውን መለየት የአንባቢው ፈንታ ነው።

ለመለየትም ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። በመጀመሪያ፣ ከእጅ የወጣው ነገር ምንድን ነው? ቀጥሎ፣ ተቀባይ አለው ወይስ የለውም? ጠላት ከተቀበለው እጅ መስጠት ነው፤ ወዳጅ ከተጠቀመበት መለገስ ወይም መሠዋት ነው፤ ማንም ካልተቀበለው መተው ወይም ማቋረጥ ነው። በመጨረሻም፣ ሰጪው ወዶ ነው ወይስ ተገዶ? እነዚህን ሦስቱን ጠይቆ ከዓረፍተ ነገሩ መልስ ያገኘ ተማሪ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ቃሉን ብቻውን ነጥሎ መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ እንደማይበቃ ሊቃውንቱም ያውቁታል። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው በፈረንጆች 1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የየቃሉን ፍቺ በዓረፍተ ነገር እያስገባ የሚያሳየው ስለዚሁ ነው። በዚያው ዓመት ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ያዘጋጁትም መዝገበ ቃላት ለተማሪ ትልቅ ረዳት ነው።

ስለ አገባቡም ጥቂት ልጨምር። የሚሰጠው ነገር በስም ሲጠራ ከሁለቱ ቃላት በኋላም ሆነ በመካከላቸው ሊቀመጥ ይችላል። በተውላጠ ስም ሲጠራ ግን መግቢያው መካከል ብቻ ነው፤ «ጊቭ ኢት አፕ» ይባላል እንጂ «ጊቭ አፕ ኢት» አይባልም። ደግሞም በንግግር ጊዜ «ጊቭ አፕ» የተወደደ ሲሆን፣ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ወይም የፈተና ድርሰት ሲሆን ተመሳሳዮቹን፣ ማለት «አባንደን»፣ «ሰረንደር»፣ «ሪሊንኩዊሽ» የተባሉትን እንደየቦታቸው መምረጥ ለጽሕፈቱ ክብር ይሰጠዋል። ነገር ግን ተመሳሳይ ማለት እኩል ማለት እንዳልሆነ አትርሱ፤ ለአውቶቡስ ወንበር «ሰረንደር» ብትሉ ሽማግሌው በጦርነት የማረኳችሁ ይመስላል።

አሁን የጀመርሁትን ታሪክ ልፈጽም። ደብተሬን ማስረከብ ከተውሁ ከብዙ ሳምንት በኋላ አስተማሪዬ አባቴን አስጠራው። አባቴ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ ነበር። አስተማሪው «ልጅዎ ትምህርቱን ትቶታል፤ የቤት ሥራ አያመጣም» ብሎ ነገረው። አባቴ ጥቂት ዝም አለና እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «መምህር፣ ተወው ነው የሚሉኝ ወይስ ተስፋ ቈረጠ? ትቶት እንደ ሆነ እቈጣዋለሁ። ተስፋ ቈርጦ እንደ ሆነ ግን ቍጣ አያድነውምና አጽናናዋለሁ። የቱ እንደ ሆነ ይንገሩኝ።»

አስተማሪው መልስ አልነበረውም። ወደ እኔ ዘወር ብሎ «የቱ ነው?» አለኝ። እኔም እየተንቀጠቀጥሁ ደብተሬን አወጣሁ። የዚያ ሁሉ ሳምንት የቤት ሥራ አንዱም ሳይጐድል ተሠርቶ ነበር። ከዚያም ሦስቱን ቃላት በጣቴ አሳየሁትና «ወደ ላይ አትስጥ ስላሉኝ ነው» አልሁ። መጀመሪያ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ገታና ደብተሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ ያርምልኝ ጀመር። ሲጨርስ ከሦስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በታች አንዲት የአማርኛ ቃል ጻፈ፤ «በርታ» የምትል ናት።

እነሆ ያን ጊዜ የተማርሁትን ትምህርት ዛሬ ለናንተ አስተላልፋለሁ። «ዶንት ጊቭ አፕ» የተባለው «አትስጥ» ማለት አይደለም፤ «አትተው» ቢባልም ገና ይጐድለዋል። እንግሊዝ «አትውደቅ» እንደሚል አድርጎ የሚናገረውን እኛ «ቁም» ብለን እንናገረዋለን። እውነተኛው ትርጕሙ «በርታ»፣ «አይዞህ» ነው። ፊደል ያልቈጠረው አባቴ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ሁለቱን ትርጕሞች ለይቶ የጠየቀው የልጁ ነገር ስለ ገደደው ነው። እናንተም ስታነቡ እንዲሁ ጠይቁ፤ ስለ ሰውም ስትፈርዱ እንዲሁ ጠይቁ። ጓደኛችሁ ከትምህርት ቢቀር «ተወው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት፣ ትቶት ነው? አቋርጦ ነው? ስለ ታናናሾቹ ሲል ቀርቶበት ነው? ወይስ ተስፋ ቈርጦ ነው? በሉ። መልሱ እንደየዓይነቱ መድኃኒቱም ልዩ ነውና።

ወላጆች ሆይ፣ ስለ ልጆቻችሁ ለቀረባችሁ ነገር ሁሉ እናመሰግናችኋለን። ተማሪዎች ሆይ፣ በርቱ።